ሰንደቅ ዓላማ የተሰፋበት ቤት

በዳሪሙ ወረዳ የምንገኝ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ የሰንደቅ ዓላማን ቀን ስናከብር፣ ስለ ሦስቱ ቀለሞች ትርጉም ብዙ ንግግር እንሰማለን። ጨርቁን ማን እንደ ሰፋው የሚጠይቅ ግን የለም። ይህ አሳብ ያደረብን ለሥራ ወደ አሜሪካ በተላክንበት ጊዜ፣ በባልቲሞር ከተማ ያለውን የሰንደቅ ዓላማ ቤት ጎብኝተን ነው።

በ1793 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተሠራው በዚህ ቤት፣ ሜሪ ፒከርስጊል የተባለች ባልዋ የሞተባት ሴት ከእናትዋ በተማረችው የሰንደቅ ዓላማ ስፌት ቤተ ሰብዋን ታስተዳድር ነበር። በ1813 የፎርት መክሄንሪ ምሽግ አዛዥ ሻለቃ ጆርጅ አርሚስቴድ ጠላት ከሩቅ የሚያየው ሰንደቅ ዓላማ ስለ ፈለገ፣ ወርዱ 30 ጫማ ርዝመቱ 42 ጫማ የሆነ እንድትሰፋ ታዘዘች። ቤቱ ስለ ጠበባቸው ጨርቁን በአንድ ቢራ መጥመቂያ ወለል ላይ ዘርግተው ሰፉት። በሴፕቴምበር 1814 የእንግሊዝ መርከቦች ምሽጉን ሲደበድቡ አድረው ሲነጋ፣ ይኸው ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ብሎ መታየቱ ፍራንሲስ ስኮት ኪን ግጥም አስጻፈው፤ ግጥሙም በ1931 የአገሩ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ።

ዋናው ጨርቅ ዛሬ የሚገኘው በዋሽንግተን ስለ ሆነ፣ ጎብኚው ወደዚህ ቤት የሚመጣው ሥራውን ለማየት ነው። በሰንደቅ ዓላማው ልክ የተሠራው ታላቅ የመስተዋት ግድግዳ ዓይንን ይማርካል። በእኛ አስተያየት ግን ከመስተዋቱ የሚበልጠው 405 ዶላር ከ90 ሳንቲም የተከፈለበት ደረሰኝ ነው። በፊላደልፊያ ያለው የቤትሲ ሮስ ቤት ዝና የተመሠረተው የልጅ ልጅዋ በ1870 በተናገረው ትረካ ላይ ነው፤ ለባልቲሞሩ ግን ወረቀት ይመሰክርለታል።

ሆኖም ደረሰኝ የሚያስታውሰው ገንዘቡን የተቀበለውን ብቻ ነው። ሜሪን ልጅዋ ካሮሊንና የወንድምዋ ልጆች፣ እንዲሁም ሙያ ለመማር በውል የገባች ግሬስ ዊሸር የምትባል ጥቁር ልጃገረድ ረድተዋታል። የግሬስ ስም ግን ለረጅም ዘመን ከታሪኩ ተለይቶ ኖሯል። ዛሬ መነሣቱ ያስመሰግናል፤ መዘግየቱ ያስወቅሳል።

ነቀፌታው ለእኛም ይደርሰናል። ለመሥሪያ ቤት ወይም ለትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲገዛ ዋጋውና የነጋዴው ስም ይጻፋል፤ የሰፊው ስም አይጻፍም። በዚያው ሰነድ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር መንግሥት የሚከስረው ነገር የለም፤ ከመቶ ዓመት በኋላ «ማን ሰፋው?» ብሎ የሚጠይቅ የዳሪሙ ተማሪ ግን መልስ ያገኛል።