ዐውቆ የሚያምን ተመልካች፤ ስለ ትርኢት ትግልና ስለ ነባር አፍቃሪዎቹ

ሮላን ባርት የተባሉት ፈረንሳዊ ሐያሲ በ1952 ዓ.ም. «ኤስፕሪ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ትርኢት ትግል አንድ አጭር ድርሰት አሳትመው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ድርሰቱ በ1957 «ሚቶሎዢ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ውስጥ በመጀመሪያ ተራ ከተቀመጠ ወዲህ፥ ስለዚህ ጨዋታ የሚጽፍ ምሁር ሁሉ ከርሱ ሳይነሣ አያልፍም ለማለት ይቻላል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ትርኢት ትግል ስፖርት አይደለም፤ ከጥንቱ የግሪክ ቴአትርና ከስፓኝ የበሬ ፍልሚያ ጋር የሚዘመድ ትርኢት ነው እንጂ። ቡጢ የሚመለከት ሰው የመጨረሻውን ውጤት ይጠባበቃል፤ ይወራረዳልም። ትርኢት ትግል የሚመለከት ግን አይወራረድም፤ የሚፈልገው ሥቃይ፥ ሽንፈትና ፍትሕ ያለ መጋረጃ በዐይኑ ፊት ሲፈጸሙ ማየት ነውና። ስለዚህ ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን አይሁን ሕዝቡ ግድ የለውም ይላሉ ባርት።

ይህ አሳብ በጊዜው ትልቅ ውለታ ውሏል። ከዚያ በፊት የተማረው ሰው የትርኢት ትግልን ተመልካች የሚቈጥረው በቀላሉ እንደሚታለል ሞኝ ነበር። ባርት ይህን ስድብ አነሡለት። ነገር ግን በስድቡ ፈንታ የሰጡት መልክ ሙሉ ሰው የሚያደርገው አይደለም። የባርት ተመልካች ትናንት የለውም። በፓሪስ ከተማ በአንድ ዝቅተኛ አዳራሽ ገብቶ ይቀመጣል፤ ቶቫን የሚባለው ወፍራም፥ መልከ ጥፉ፥ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የደረሰ ታጋይ ሲመጣ ገና ገላውን እንዳየ ክፋቱን ይረዳል፤ ይጮኻል፤ ይረካል፤ ይሄዳል። ያ ሰው በማግሥቱ ምን እንደሚያስብ፥ ከሃያ ዓመት በኋላም ስለ ቶቫን ምን እንደሚያስታውስ ድርሰቱ አይጠይቅም። ለሐያሲ ይህ ይበቃው ይሆናል። የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ሰው ግን ጥያቄው የሚጀምረው ባርት ካቆሙበት ቦታ ነው።

ነባር አፍቃሪ የምንለው ትርኢቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሃያና ሠላሳ ዓመት የተከተለውን ሰው ነው። በአሜሪካም በጃፓንም በሜክሲኮም በእንግሊዝም ይህን የመሰሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ማኅበር ሆነዋል። የየከተማውን ውጤት በደብተር ይመዘግባሉ፤ አንዱ ያየውን ላላየው በደብዳቤ ይጽፍለታል። የቪዲዮ ክር ከመጣ በኋላ ደግሞ የጃፓንን ግጥሚያ ወደ አሜሪካ፥ የአሜሪካንን ወደ ጃፓን በፖስታ ይለዋወጡ ነበር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በካሊፎርኒያ ዴቭ ሜልትዘር የሚያዘጋጁት «ሬስሊንግ ኦብዘርቨር» የተባለ የዜና ወረቀት የዚህ ማኅበር ዋና መዝገብ ሆነ። እዚያ ላይ ግጥሚያ የሚመዘነው በአሸናፊው ማንነት አይደለም፤ እንዴት ባለ ጥበብ ተሠራ በሚል ነው፤ ደረጃውም በኮከብ ቍጥር ይሰጣል። ይህ የቴአትር ሂስ እንጂ የስፖርት ዜና አይደለም። ጸሐፊዎቹ ግን ከመደበኛው የቴአትር ሐያሲ ይልቅ ጥንቁቆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንድ ታጋይ ከዐሥር ዓመት በፊት በየትኛው ከተማ በየትኛው ጕልበቱ እንደ ተጐዳ ያውቃሉና።

ሙያው የራሱ ቋንቋ አለው፤ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ከነበሩት የአሜሪካ የትርኢት ድንኳኖች የወረሰው እንደ ሆነ ይነገራል። «ማርክ» የሚባለው ሁሉን አምኖ ገንዘቡን የሚበላ የዋህ ነው፤ «ስማርት» ምስጢሩን ያወቀ ነው። «ኬይፌብ» የሚባለው ደግሞ ታጋዮች በውጭ ሰው ፊት ፉክክሩ እውነተኛ ነው ብለው እንዲጸኑ የሚያስገድድ የምስጢር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ደጉና ክፉው ታጋይ በአንድ መኪና አይጓዙም፤ በአንድ ገበታም አይቀርቡም። በ1987 በኒው ጀርሲ በመድረክ ላይ ባላንጣ የነበሩ ሁለት ታጋዮች በአንድ መኪና ሲጓዙ ፖሊስ ያዛቸውና ከሥራቸው ተሰናበቱ። ፖሊስ የጠየቃቸው ስለ ያዙት አደንዛዥ ዕፅ ነበር፤ በሙያው ዘንድ ግን አብረው መገኘታቸው ራሱ ነውር ነበር።

የነባሩ አፍቃሪ ዕውቀት ከባርት ተመልካች የሚለይበትን ነገር ለማየት ያው 1987 ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። በዚያ ዓመት መጋቢት 29 ቀን በሚቺጋን ግዛት በፖንቲያክ ከተማ ሃልክ ሆገን ግዙፉን አንድሬን አንሥቶ ጣለው። አዘጋጁ ኩባንያ አንድሬ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይሸነፍ ኖረ፤ እንዲህ አንሥቶ የጣለውም የለም ብሎ አውጆ ነበር። ነባር አፍቃሪዎች ግን ሆገን ራሱ በ1980 በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም አንድሬን አንሥቶ እንደ ጣለው ያውቃሉ፤ አንድሬ በ1986 በጃፓን ለአንቶኒዮ ኢኖኪ እጁን እንደ ሰጠም ያውቃሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ዋሽታችኋል» ብሎ ቢነሣ ማንም አይደነቅም ነበር። ሆኖም አልተነሣም። ሁለት ታሪክ ጐን ለጐን ይዞ ኖረ፤ አንዱ ኩባንያው የሚናገረው፥ ሁለተኛው በደብተሩ የተጻፈው። በመጀመሪያው ይደሰታል፤ በሁለተኛው ይኰራል። በዚያ ቀን ስለ ተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት የተነሣው ክርክር ደግሞ ከግጥሚያው የረዘመ ነው፤ ኩባንያው 93,173 ሲል ሜልትዘር 78,000 ገደማ ነው ብለው ጻፉ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን ዐውቆ የሚቀበል ሰው፥ ስለ ተመልካቹ ቍጥር ግን አንድም ሰው እንዲጨመርበት የማይፈቅድ መሆኑ ለውጭ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። የማኅበሩን ጠባይ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። ሕዝቡ ግድ የለውም የሚለው የባርት ቃል እዚህ ላይ ይሰበራል።

የአገራችን አንባቢ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅን ማሰቡ አይቀርም። ንጽጽሩ ደስ የሚል ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አያደርስም። በቅኔ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል፤ እንደ አንጥረኛው ሰም ቀልጦ ይወርዳል። የትግሉ አፍቃሪ ግን ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙ እንዳይቀልጥ አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው ነው። ታጋዩ ሚናውን ረስቶ በመድረክ ላይ ፈገግ ቢል ከሁሉ አስቀድሞ የሚቈጣው ምስጢሩን የሚያውቀው ነባሩ ነው፤ የዋሁስ አላስተዋለም።

ይልቅስ የሚቀርበው ንጽጽር በጎንደር ይገኛል። ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከማርሴል ግሪዮል ተልእኮ ጋር ጎንደር ተቀምጠው የዛርን ነገር ያጠኑ ሲሆን፥ በ1958 ስለ ዛር የቴአትር መልክ የታወቀውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። እንግዲህ ሁለቱ ፈረንሳውያን በአንድ ዘመን አንድን ጥያቄ ከሁለት ወገን ይዘውት ነበር ማለት ነው። ዛር የሰፈረበት ሰው እውነት ራሱን ስቷል ወይስ ያስመስላል? ሌሪስ ከሁለት አንዱን እንድንመርጥ አያስገድዱንም፤ በተጫወቱት ቴአትርና በፍጹም እውነት መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፥ እርሱም የሚኖሩበት ቴአትር ነው ይላሉ። በወዳጃው ሌሊት የተሰበሰበው ሕዝብ እያንዳንዱን ዛር በፉከራው፥ በጕሪውና በልብሱ ለይቶ ያውቀዋል፤ አመጣጡ ያማረውንና ያላማረውንም ይለያል፤ ያም ቢሆን ማመኑን አይተውም። ባርት ይህን መጽሐፍ አግኝተው ድርሰታቸውን ዳግመኛ ቢጽፉት ኖሮ ምናልባት ለተመልካቹ ዕድሜ ይሰጡት ነበር።

ይሁን እንጂ ልዩነቱን መሸፈን አይገባም። በዛር ሥርዐት የሚደክመው ፈረሱ ነው፤ ሥርዐቱ የሚደረገው ግን ለዚያው ለታመመው ሰው መዳን ነው። የሚመለከቱትም አብዛኞቹ በተራቸው ፈረስ ይሆናሉ። በትርኢት ትግል ግን አንዱ ወገን ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ሌላው ወገን ሁልጊዜ ያያል። ነባሩ አፍቃሪ መድረኩን በልቡ እንደ ቤቱ ቢያውቀውም ጀርባው አልተሰበረም።

ከሌሪስ ወዲህ ከተጻፉት መካከል ሁለት መጻሕፍት ይበልጣሉ። ሻሮን ሜዘር በኒው ዮርክ የትግል ተማሪዎች ልምምድ ሲያደርጉ ተቀምጠው አይተው በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ አፍቃሪው የሚፈልገው ሐሰቱን ማጋለጥ ሳይሆን በሐሰቱ መካከል እውነቱ ብቅ የሚልበትን ቅጽበት መያዝ እንደ ሆነ አስረዱ። ሄዘር ሌቪ በሜክሲኮ ራሳቸው ትግል ተምረው በ2008 የጻፉት ደግሞ የጭንብልን ነገር በሚገባ ይገልጣል። ሁለቱም ከባርት የሚሻሉት ላብ ወዳለበት ስለ ገቡ ነው። የሜዘር አሳብ በተለይ እውነት ነው፤ ሆኖም መዘዙን እስከ ጫፍ አልተከተሉትም። እውነቱ ብቅ የሚልበትን ቅጽበት የሚያድን ሰው፥ ያ ቅጽበት ጕዳት ወይም ሞት ሲሆን ምን ያደርጋል?

ኬይፌብን በመጨረሻ የሰበረው ጋዜጠኛም ምሁርም አይደለም፤ ገንዘብ ነው። በ1989 ትልቁ የአሜሪካ አዘጋጅ ኩባንያ ከስፖርት ኮሚሽን ቍጥጥርና ከቀረጥ ነፃ ለመሆን ሲል ግጥሚያዎቹ መዝናኛ እንጂ ፉክክር አይደሉም ብሎ ለኒው ጀርሲ ግዛት ሸንጎ አስታወቀ። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ይበተናል ብሎ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ምስጢሩ ከታወቀ ወዲህ ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውን ማወቅ ራሱ ሁለተኛ ትርኢት ሆነ። ኅዳር 9 ቀን 1997 በሞንትሪያል የኩባንያው ባለቤት ቪንስ ማክማን ሻምፒዮኑ ብሬት ሃርት ሳይሸነፍና ሳያውቅ ደወሉ እንዲደወል አዘዙ፤ ቀበቶውም ለሾን ማይክልስ ተሰጠ። ይህ ክሕደት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ወዲያው ለንግድ ዋለ፤ ማክማን የክፉ አለቃን ሚና ይዘው በየሳምንቱ በመድረክ ይታዩ ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ነባሩ አፍቃሪ እውነት ያገኘ ሲመስለው እንኳ ተሠርቶ የቀረበለት እንደ ሆነ ይጠራጠራል። ዐዋቂነቱ ራሱ ሸቀጥ ሆነ።

ግንቦት 23 ቀን 1999 የብሬት ወንድም ኦወን ሃርት በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሊወርድ ሲል ማሰሪያው ተለቀቀና ከ24 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ ሞተ። በቤታቸው በቴሌቪዥን ለሚከታተሉት ዜና አቅራቢው ይህ የትርኢቱ ክፍል እንዳልሆነ ደጋግሞ ነገራቸው። ደጋግሞ መናገር ማስፈለጉ ብቻ ብዙ ይገልጣል፤ ተራ ሰው ሲወድቅ ያየ ሕዝብ ማረጋገጫ አይሻም። ትርኢቱ ቀጠለ፤ በአዳራሹ ለነበሩት ሞቱ ሳይነገራቸው ታጋዮቹ ወደዚያው መድረክ ወጡ። ባርት በድርሰታቸው መጨረሻ ታጋዩን ከአዳራሹ እንደ ማንኛውም ሰው ሻንጣውን ይዞ ከሚስቱ ጋር ሲወጣ ያሳዩናል፤ ሥቃዩ ምልክት ብቻ ስለ ነበረ ከመድረክ ሲወርድ ያበቃል። ድርሰቱ የሚወድቀው በዚህ ነው። ምልክቱን የሚሸከመው ሥጋ ነው፤ ሥጋ ደግሞ ቍስሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

በሰኔ 2007 ክሪስ ቤንዋ ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ። ይህ ሰው የነባር አፍቃሪዎች ታጋይ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ ስለ ጮኸለት ሳይሆን ሥራውን የሚያውቁ ስለ መሰከሩለት የከበረ። ያደነቁትም ለራሱ ሳይሳሳ በጭንቅላቱ እየተወረወረ፥ በብረት ወንበር ሲመቱትም ራሱን ሳይከላከል ስለሚቀበል ነበር። ከሞቱ በኋላ አንጐሉን የመረመሩ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ከባድ ጕዳት አገኙ። ግድያውን ይህ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ለሁለቱ ሟቾችም ፍርድ መሸሻ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ኮከብ የተሰጠባቸው ሌሊቶችና ሐኪሞቹ ያዩት ጕዳት በአንድ ጭንቅላት ላይ የተጻፉ መሆናቸውን መካድ አይቻልም።

ኩባንያው ስሙን ከታሪኩ አወጣው ለማለት ይቻላል፤ በዝግጅቶቹ አይጠራም። መዝገቡን የያዙት አፍቃሪዎች ብቻ ቀሩ። ከነርሱም መካከል ግጥሚያዎቹን ዳግመኛ ላለማየት የቈረጡ አሉ፤ የተደረገው ተደርጓልና ከደብተር ገጽ አይቀደድም የሚሉም አሉ፤ እያዩ ግን መድነቅን የተዉ አሉ። ክርክሩ ለዓመታት ሳይዘጋ ቈይቷል፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ስለ ተመልካች ኀላፊነት የተባለው ነገር በብዙ የቴአትር ሂስ መጻሕፍት ከሚገኘው የጠለቀ ነው። በ2010 ኩባንያው ጭንቅላትን በወንበር መምታት ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በዘመኑ ከፍ ያለ ኮከብ የተሰጣቸውን የ1990ዎቹን ግጥሚያዎች ነባሮቹ ሲመለከቱ፥ ብዙዎቹ ወንበሩ ሲነሣ ምቱን መቍጠር ጀምረዋል።