ድምፅና ሥዕል፤ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተነሣ ክርክር

በሐረር ከፈላና በር አጠገብ ካለ አንድ ቡና ቤት ጥቂት ሰዎች ተቀምጠን ስንጫወት ክርክር ተነሣ። ነገሩም በ2017 ዓ.ም. መባቻ ግድም በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን መታየት ስለ ጀመረው፣ ሰውመሆን ይስማው ስላዘጋጀው ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው በኋላ በዚህ መጽሐፍ ላይ ሌላ እጅ ባይዘረጋ ይሻል ነበር» አሉ። አብሮን የተቀመጠ ወጣትም፣ «የወጋየሁን ንባብ በስልኬ ጀምሬው ነበር፤ አልዘለቅሁትም። እኔ የማውቃት ሰብለ ወንጌል በዓይኔ ያየኋት ናት። በእርስዎ ጆሮ እንድፈርድ ስለ ምን ይፈልጋሉ?» ሲል መለሰ። እኔም የመምህሩ ወገን ሆኜ ተናገርሁ። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን ፍርዴ እንደ ቸኰለ ተሰማኝ፤ ስለዚህ ይህን እጽፋለሁ።

እንዲህ ያለው ማወዳደር እንግዳ ነገር አይደለም። «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ ካለቀ ወዲህ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የክፉ ሰው መመዘኛ ሆኖ ቀርቷል፤ አዲስ ድራማ በወጣ ቁጥር «ይህማ ከአስናቀ ምን ይደርሳል!» የሚል አይታጣም። ሰው ያለቀውን ነገር ሲያስብ የሰለቸበትን ቀን ይረሳል፤ ደስ ያለውን ብቻ ያስታውሳል። በየሳምንቱ የሚታየው ግን ጉድለቱ ከነትኩሳቱ ይታያል። ስለዚህ አዲስ ሥራ ካለቀ ሥራ ጋር ሲወዳደር ከሙት ጋር እንደሚሟገት ሰው ይሆናል፤ ሙትን ደግሞ የረታ የለም።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነገር ግን ከዚህም ይከብዳል፤ የሚወዳደሩት ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ መጽሐፍ የተቀዱ ናቸውና። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው በጎጃም በቤተ ክህነት ትምህርት፣ በቅኔውም ጭምር ያደጉ ሰው ስለ ነበሩ፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን የበዛብህን ኑሮ ከሩቅ ሆነው አልጻፉትም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን ባነበበ ጊዜ፣ ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ፊታውራሪ መሸሻን ዐወቃቸው፤ ስለ ጉዱ ካሣ ተከራከረ፤ ለሰብለ ወንጌል አለቀሰ። አንድ ሰው ብቻውን ሽማግሌውንም ጐረምሳውንም፣ ወይዘሮዋንም ገበሬውንም ሆኖ ተናገረ።

ዳኛ ከመፍረዱ በፊት ዝምድናውን መግለጥ ይገባዋልና እኔም የማን ወገን እንደ ሆንሁ ልናገር። ያን ንባብ የሰማሁት ለቅኔ ትምህርት በሄድሁበት አገር፣ የአንድ ባለጸጋ ሬዲዮ ከሚቀመጥበት መስኮት ሥር ቆሜ ነው። በዚያ ጊዜ ከእኔ ጋር ቅኔ የሚቈጥር አንድ ባልንጀራ ነበረኝ፤ ድምፁ ከሁላችን ያማረ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጓዙን አንጠልጥሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በልቤ የሚመላለሰው በዛብህ የእርሱን ፊት የያዘ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ በዛብህ ብቅ ባለ ጊዜ «ይህስ እርሱ አይደለም» ብዬ የተቈጣሁት ተዋናዩ ስለ ደከመ አልነበረም፤ ባልንጀራዬ ስላልሆነ ነው።

ከዚህ የተረዳሁት ነገር አለ። ወጋየሁ ድምፅ ሰጠን እንጂ ፊት አልሰጠንም። ፊቱን እያንዳንዳችን ከየመንደራችን አመጣን። በአንዱ ልብ ፊታውራሪ መሸሻ የአጎቱን ቁመት ይዘዋል፤ በሌላው ልብ የሰብለ ወንጌል ዓይን የጎረቤቱ ልጅ ዓይን ነው። ስለዚህ «የወጋየሁ ይበልጣል» የምንል ሰዎች የምንሟገተው ለወጋየሁ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ሆነን ለሠራነው ለራሳችን ሥራም ጭምር ነው። ድራማ የሚሠራ ሰው ግን አንድ ፊት መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ አንዱን በመረጠ ጊዜ የእልፍ ሰዎችን ፊት ይሽራል። ይህ የሥራው ጠባይ እንጂ የሠሪው ጥፋት አይደለም።

በቅኔ ቤት ይህን የሚዳኝ ሥርዓት አለ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጉባኤ ቃና የሰማ ሰው «ስድስቱ ቤት የት ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ ጕድለቱ የጠያቂው እንጂ የቅኔው አይሆንም። ሁሉም በየልኩ ይመዘናል። ደግሞም ትናንት የተሰማውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚያቀርብ ባለቅኔ አይመሰገንም፤ ለዛሬ የዛሬ ቅኔ ይፈለግበታል። ታዲያ ቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች አዲሱ አሮጌውን ስላልመሰለ ብቻ ብንነቅፍ የራሳችንን ትምህርት መርሳታችን ነው።

የሁለቱን ልክ እንመልከት። መጽሐፉ የማንኩሳን አገር በብዙ ቃል ይሥላል፤ ሥዕሉ ግን ያን በአንድ አፍታ ያሳያል። ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡና አበጀ በለው ሲመራቸው ድምፅ ሊተርክ ይችላል፤ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ አቧራው ሲነሣ፣ የባላባቱ ኵራት በሰው ፊት ሲወድቅ ማየት ግን የዓይን ድርሻ ነው። በአንጻሩ ሰው ለብቻው ሲያስብ፣ ደብዳቤ ጽፎ ሲቀድድ፣ ሊናገር ብሎ ሲተው፣ ይህ ሁሉ የድምፅ ርስት ነው። ድምፅ በሰው ልብ ውስጥ ያለ በር ይገባል፤ ሥዕል ግን በፊት ላይ የሚታየውን ብቻ ይዞ ወደ ልብ መንገድ ይፈልጋል።

ይህን ስል አዲሱን ከነቀፌታ ሁሉ ነጻ አወጣሁት ማለት አይደለም። አዲስነት ጋሻ አይሆንም። ከአሮጌው ጋር ሳይሆን ከመጽሐፉ ጋር ተወዳድሮ መልስ ሊሰጥባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ስለ ጉዱ ካሣ ነው። ሰዎች «ጉዱ» ያሉት እንደ እነርሱ ስላልኖረ ነው፤ መጽሐፉም የደራሲውን ጠንካራ ሐሳብ ያስቀመጠው በዚህ እብድ በተባለ ሰው አፍ ነው። ተመልካች በጠባዩ ስቆ ብቻ ከተነሣ፣ በልማድና በሥርዓት ላይ የሚያወርደውን ክስ ሳይሰማ ከቀረ፣ ሰሙ ተይዞ ወርቁ ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ቋንቋው ነው። የጎጃም ሰው አነጋገር፣ የባላባቱ ትዕቢትና የካህኑ ጨዋታ በመጽሐፉ ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ የከተማ አፍ ከተናገሩ ልብሱ የጥንት ቢሆን ምን ይጠቅማል? ሦስተኛው ስለ ፍቅሩ ነው። ሁለቱን ወጣቶች የለያያቸው የአንድ ክፉ ሰው ተንኰል ብቻ አይደለም፤ የወላጆች ስለት፣ የዘር ኵራትና የዘመኑ ሥርዓት ነው። ይህ ተረስቶ ነገሩ የሁለት ልጆች ልቅሶ ብቻ ከሆነ መጽሐፉ አንሷል። ተመልካች እነዚህን ሦስቱን ይዞ ይመዝን፤ ያን ጊዜ ማመስገኑም መንቀፉም ፍርድ ይሆናል።

የጀጎል ግንብ አምስት የቀድሞ በሮች አሉት። በፈላና በር የገባ ሰውና በቡዳ በር የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያዩት መንገድ አንድ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ከዘለቁ ግን ሁለቱም ፈረስ መጋላ ይደርሳሉ። በሩ ላይ ቆሞ «የእኔ በር ይሻላል» እያለ የሚከራከር ሰው ግን ከተማውን ገና አላየም።

ይህን ምሳሌ ለሌላ ሰው የተናገርሁት እንዳይመስላችሁ። በዚያ ቀን ክርክሩ ሲበርድ ወጣቱ፣ «የኔታ፣ መጽሐፉንስ በስንት ዓመትዎ አነበቡት?» ብሎ ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ለነገር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚህ መጽሐፍ እየጠቀስሁ አስተምሬአለሁ፤ ከጆሮዬ በቀር ግን ሌላ ምስክር አልነበረኝም። ጡረተኛውም መምህር ዓይናቸውን ወደ ሲኒያቸው መለሱ።

በማግሥቱ መጽሐፉን ተውሼ ማንበብ ጀመርሁ። ጉዱ ካሣ ሊናገር ሲል የምትቀድመውን፣ የደራሲው መስላኝ የኖረችውን ዝምታ በገጹ ላይ ፈለግኋት፤ አላገኘኋትም። ለካ የወጋየሁ ኖራለች። ስለዚህ ለእርሱ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም፤ ምን ያህል እንደ ሠራ ያወቅሁት እንዲያውም ገና ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ድራማውን ስመለከት፣ በዛብህ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ እንደ ሌባ ማየት ተውሁ። የባልንጀራዬ ፊት ከልቤ አልጠፋም፤ ለዚህም ልጅ ግን ከጎኑ ቦታ ተገኘለት።

ወጣቱን ባለፈው ሳምንት አግኝቼው መጽሐፉን አውሼዋለሁ። እርሱም በበኩሉ የወጋየሁን ንባብ ከተወበት እንደሚቀጥል ነግሮኛል። ክርክራችንን የምንጨርሰው ሁለታችንም መጽሐፉን ከጨረስን በኋላ ነው።