ፎዘሪንጌይ፦ ዓመት ያልሞላው ባንድ

አንዲት ድምፃዊት ስሟ ገኖ፣ ብቻዋን መድረኩን እንድትይዝ እየተለመነች፣ ከጓደኞቼ መካከል እቆማለሁ ብትል ምን እንላታለን? እኛ አገር በካሴት ዘመን የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሽፋኑን ይሞላና የአጃቢው ባንድ ስም ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ሞኝ ሳንላት አንቀርም።

እንግሊዛዊቷ ሳንዲ ዴኒ ግን ያደረገችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ፌርፖርት ኮንቬንሽን ከተባለው ባንድ ወጣች። ይህ ባንድ የብሪታንያን የጥንት ባላገር ዘፈኖች ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር አጋብቶ፣ ፎክ ሮክ የሚሉትን ስልት በአገሩ ካቋቋሙት ዋነኛው ነው። በስሟ ሸክላ ታወጣለች ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ1970 መጀመሪያ ሌላ ባንድ መሠረተች። ስሙንም ፎዘሪንጌይ አለችው፤ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ በ1587 አንገቷን የተቀላችበት ግንብ ስም ነው። (ለባንድ መልካም ገድ አይመስልም!) አብረዋት የቆሙት በኋላ ባሏ የሆነው አውስትራሊያዊው ትሬቨር ሉካስ፣ ጊታሪስቱ ጄሪ ዶናሁ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ፓት ዶናልድሰንና ድራም መቺው ጄሪ ኮንዌይ ናቸው።

በዚያው ዓመት በአይላንድ ኩባንያ የወጣው ሸክላ ዘጠኝ ዘፈኖች አሉት። እኩል አይደሉም። እውነቱን ለመናገር፣ ሉካስ ማይክሮፎኑን ሲይዝ እጄ ወደ ሰዓቴ ይሄዳል። ብዙ ሃያስያንም ይህን ይዘው፣ ባንዱ ዴኒን አባከናት ይላሉ።

እኔ አልስማማም። ማስረጃዬ የመጨረሻው ዘፈን፣ «የናይል ዳርቻ» የተሰኘው ነው። ዘፈኑ ባለቤቱ የማይታወቅ የድሮ ዘፈን ሲሆን ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ወታደሩ ወደ ግብፅ ዘመቻ ሊሄድ ነው። ፍቅረኛው ጸጉሯን ቆርጣ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ልትከተለው ትለምነዋለች፤ እሱ እምቢ ይላል። ዓባይን ከራስጌው የምናውቅ እኛ፣ ወንዙን አፈራችንን ይዞ ስለ መሄዱ ስንወቅሰው ኖረናል። ለዚያች እንግሊዛዊት ደግሞ ያው ወንዝ ሰዋን የሚወስድባት ሩቅ አገር ነው። ዴኒ ይህን ስትዘፍን አትጮህም፤ እንደምታወራ ሆና ትጀምራለች። ድምጿ ከፍ ሲል ዶናሁ ጊታሩን ያለዝባል፤ ስታርፍ ክፍተቱን ይሞላል። ኮንዌይ ድራሙን የሚነካው በስስት ነው። አንዳቸውም ችሎታቸውን ለማሳየት ዘለው አይወጡም። በዕለት ክፍያ ተጠርቶ ስቱዲዮ የገባ ሙዚቀኛ እንዲህ መጠበቅን ከየት ያመጣዋል? ይህ አብሮ ውሎ ማደር የሚወልደው ነው።

ጥቅምት 1970 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ሲጫወቱ፣ መድረኩን ቀድሞ የከፈተው ገና እየታወቀ የነበረው ኤልተን ጆን ነበር። የምሽቱን ጭብጨባ እሱ ጠቅልሎ ወሰደው ይባላል። ሁለተኛው ሸክላ ተጀምሮ ሳያልቅ፣ ጥር 1971 ላይ ባንዱ ፈረሰ። ፕሮዲዩሰራቸው ጆ ቦይድ ዴኒ ብቻዋን እንድትወጣ አጥብቆ ይሻ ነበር፤ ባንዱን አፍርሳ ስታበቃ ግን እሱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የግል ሸክላዋን አወጣች። ካልተጠናቀቀው የባንዱ ቀረጻ አንድ ዘፈን አብሮ ገባበት፤ ከሸክላው አብልጬ የምወደው እሱኑ ነው።

ዴኒ በ1978 በ31 ዓመቷ አረፈች። ሉካስም በ1989 ተከተላት። በ2008 ዶናሁ ያንን የቆየ ቴፕ አውጥቶ፣ ከዶናልድሰንና ከኮንዌይ ጋር የጎደለውን ሞልተው ሁለተኛውን ሸክላ አሳተሙት። የሦስቱም ዕድሜ ስልሳ ግድም ሆኗል። ከፊታቸው የምትዘፍነው ግን አሁንም የ23 ዓመት ልጅ ናት።