የመጨረሻው መተሳሰቢያ፤ ስለ ስምንተኛው «ሚሽን ኢምፖሲብል»

የሰላዩ የኢታን ሃንት ታሪክ ወደ ሲኒማ የገባው በ1996 ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይውሰዱልኝ)። ስምንተኛው ክፍል በግንቦት 2025 ወጥቷል። አዘጋጁ ክሪስቶፈር ማኳሪ ነው፤ ዋናው ተዋናይ እንደ ቀድሞው ቶም ክሩዝ ነው። «ፋይናል ሬከኒንግ» የሚለውን ርእስ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የመጨረሻው መተሳሰቢያ» ማለት ይሆናል። እንግዲህ ልተሳሰብ ያለ ሰው ዕዳውን ሁሉ መቍጠር አለበትና ፊልሙን በራሱ ቃል እመዝነዋለሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት አሰልቺ ነው። የሰው አእምሮ ያለው የሚመስል አንድ ኮምፒዩተር የመንግሥታትን የኑክሌር መሣሪያ ሊይዝ መሆኑን ለማስረዳት ሰዎቹ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ በመካከሉም ከቀድሞ ክፍሎች የተቈረጡ ትዕይንቶች እየደጋገሙ ይመጣሉ። ኢታን ወደ ሰጠመው የሩሲያ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሲወርድ ግን ንግግር ይቆማል፤ የሚሰማው ውሃውና ብረቱ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ የለም።

ከዚያ በፊት ግን የዶንሎ ነገር አለ። በ1996 ክፍል ኢታን በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ላንግሊው የምስጢር ክፍል ሲገባ፥ በዚያ የሚሠራው ዶንሎ አንድ ነገር ተቀላቅሎበት ታሞ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሮጥ ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ሥቀንበታል። ቅጣቱም ወደ አላስካ መላክ ሆነ። አሁን በሮልፍ ሳክሰን ተዋናይነት ዶንሎ ተመልሶ መጥቷል፤ በቤሪንግ ባሕር ደሴት ላይ ሚስት አግብቶ ይኖራል፤ ጠረጴዛው ላይ ተሰክቶ የቀረውን ጩቤም አስቀምጦታል። መሣቂያ የነበረው ጸሐፊ ሰው ሆነ። ይህ በእውነት መተሳሰብ ነው።

ታዲያ ይኸው ፊልም የመጨረሻውን ፍልሚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያመጣል፤ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች በገደልና በተራራ ላይ ይሳደዳሉ። በምኖርበት በቦሌ ቡልቡላ አውሮፕላን በራሳችን ላይ ሲያልፍ መስማት የዘወትር ነገር ነው፤ ሆኖም አብረውኝ ያዩት የጎረቤት ልጆች በዚያ ትዕይንት እስትንፋሳቸውን ያዙ። እኔም ይዤ ነበር። ነገር ግን የአገሩ ተወላጅ ከሆኑት መካከል ስሙን ይዤ የወጣሁት አንድም ሰው የለም። ከልጆቹ አንዱ «ይህ አሜሪካ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሕተቱ የልጁ አይመስለኝም።

ጓደኞቼ፥ ፊልሙ መዝናኛ ነው፥ ይህን ከእርሱ መጠየቅ አይገባም ይሉኛል። እኔ ግን ሌላ የመዝናኛ ፊልም አነሣለሁ። በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የሻፍት ተከታታይ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ከፊሉ የተቀረጸውም በእኛው አገር ነው። ዋናው ሰው ሪቻርድ ራውንድትሪ የኒው ዮርክ መርማሪ ሆኖ ሳለ እንደ ሰላይ ተመስሎ፥ አፍሪካውያን ሠራተኞችን ወደ ፓሪስ የሚያሻግሩ የሰው ነጋዴዎችን ያሳድዳል። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ የአፍሪካዊቱን ወጣት ክፍል እንኳ የሰጡት ለአሜሪካዊቱ ለቮኔታ ማክጊ ነው። ቢሆንም የእኛው ደበበ እሸቱ ዋሳ የሚባል ሰው ሆኖ፥ ስምና ፊት ኖሮት ይታያል፤ የታሪኩም ችግር የአፍሪካውያኑ የራሳቸው ችግር ነው። ማኳሪና ክሩዝ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ አንድ የተረሳ የላንግሊ ጸሐፊን ፈልገው ለማግኘት ችለዋል፤ ካሜራቸውን ተክለው በሠሩበት አገር ግን አንድ ሰው አልፈለጉም።