ስለ ክርክር መሪ

ክርክር በሚደረግበት ቦታ ማን ተናገረ፣ ማን ረታ እንላለን እንጂ በመካከል የተቀመጠው ሰው ምን አደረገ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ነገር ግን የክርክር ደግነቱም ክፋቱም የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

እኛ ወሎዎች ለዚህ ትልቅ ምሳሌ አለን። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ዛሬ ደሴ ካለችበት አጠገብ፣ በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት አከራከሩ። ሊቃውንቱን በጉባኤ ፊት ለፊት ማነጋገራቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም መሪው አስቀድመው የሁለት ልደት ወገን ነበሩ፤ ቅጣቱም በእጃቸው ነበረ። ስለዚህ ሁለት ልደት ረታ ተባለ፤ የሦስት ልደት ትምህርትም ተከለከለ። ከዚያው ጋር የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ እነርሱስ የመናገር ተራ እንኳ አልተሰጣቸውም። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ ሼኽ ጦልሐ ግን ሸፈቱ። እኔ የምነቅፈው ሃይማኖቱን አይደለም፤ ዱላ የያዘ መሪ ዝምታን እንጂ መተማመንን እንደማያገኝ ለማሳየት ነው።

በዚሁ በወሎ ደግሞ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ ጦርም ወህኒም የላቸውም፤ ያላቸው መታመን ብቻ ነው። ስለዚህ የበዳዩንም የተበዳዩንም ቃል ታግሠው ይሰማሉ። ላንዱ ያዳሉ እንደ ሆነ ነገ ማንም አይጠራቸውም።

ከዚህ ነቀፋ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በሀብሩ ሳስተምር የተማሪዎችን ክርክር እመራ ነበር። አንድ ቀን ርእሱ «ከዕውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» የሚል ነበር። ለገንዘብ የቆመው የገበሬ ልጅ «ደብተሩስ በምን ይገዛል?» ብሎ ጠየቀ። አስተማሪ ነኝና ጥያቄው አልጣመኝም። ገና ጊዜ ሳለው «በቃህ፣ ተቀመጥ» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም። ያን ጊዜ ጥያቄው የክርክር ብልሃት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ደብተሩን ባየሁት ጊዜ ዳርና ዳሩ ሁሉ ተጽፎበት ባዶ ቦታ አልነበረውም።

ልጆቼ ሆይ፣ ነገ በዕድርም በሸንጎም በመካከል ትቀመጡ ይሆናል። የምትወዱትን ቃል ለመስማት ትዕግሥት አያስፈልጋችሁም። መሪነታችሁ የሚፈተነው የማትወዱትን የሚናገረው ሰው ጊዜውን ሳይጐድል ባገኘ ዕለት ነው።