ጠፈጠፉ የት ይወርዳል?

ባለፈው ግንቦት በአናጢነት አብሮኝ መሥራት የጀመረ ልጅ «ጋሼ፣ የዛገ ቆርቆሮ አውርዶ አዲስ ለመምታት ፈቃድ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። የቤት ባለቤቶችም ይህንኑ ደጋግመው ይሉኛል።

መልሴ አንድ ነው፤ ቆርቆሮውን ተዉትና ውኃው የት እንደሚወርድ እዩ። በዚያው ወራጅና ማገር ላይ፣ በዚያው ከፍታ አዲስ ቆርቆሮ ከተመታ ጥገና እለዋለሁ፤ ያም ቢሆን ወረዳው ሳይጠየቅ መሰላል አላቆምም። ወራጁ ከተነካ፣ ግድግዳው አንድ ብሎኬት እንኳ ከጨመረ ወይም የክዳኑ አቅጣጫ ከዞረ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል፤ ፕላን ይፈልጋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ከሁለት ፎቅ በታች ያለውን የግል መኖሪያ በ«ሀ» አስቀምጦታል። ይህን የሰማ ሁሉ ከፈቃድ ነፃ የወጣ ይመስለዋል። አልወጣም። ደንብ አስከባሪዎች ቆርቆሮ ሲወርድ አይተው የሚሮጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓርብ ማታ «እድሳት» ተብሎ ተጀምሮ ሰኞ ጠዋት አንድ ክፍል ጨምሮ የተገኘ ቤት በየሰፈሩ አለ።

እኔን የሚያጣላኝ አዲሱ ፋሽን ነው። አሁን ሁሉም የሚፈልገው የተደበቀ ጣሪያ ሆኗል። በአራት ወገን የሚያፈሰውን የድሮ ክዳን ያፈርሱና ግንቡን ዙሪያውን ከፍ አድርገው ቆርቆሮውን ከጀርባው ወደ አንድ ወገን ያስተኙታል። ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። ተዳፋቱ ስለሚያንስ ግን ውኃው በመደራረቢያው ሾልኮ ይገባል። ግንቡ ሥር የተቀበረውን አሸንዳ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሞላዋል፤ በረዶ ሲወርድበት ጭራሽ ይደፈንና ውኃው ወደ ኮርኒሱ ይመለሳል። ይህ እንኳ የባለቤቱ ጉዳት ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ቀድሞ ለአራት ወገን ይካፈል የነበረው ጠፈጠፍ በአንድ ቱቦ ተጠራቅሞ የጎረቤት አጥር ሥር መለቀቁ ነው። ጎረቤቱ በጭቃ ቤት የሚኖር ከሆነስ? የጭቃ ግድግዳን የሚጥለው ሥሩን የሚመታ ውኃ ነው። የድሮ አናጢዎች የክዳኑን ጠርዝ ከግድግዳው አርቀው ያወጡ የነበሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ለእኔ ቢተውልኝ፣ ፈቃድ ሰጪው ከፍታና ስፋት ከመለካቱ በፊት ጠፈጠፉ የሚወርድበት መስመር በፕላኑ ላይ እንዲሠፍር አስገድድ ነበር።

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ላይ አልከራከርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል፤ ትክክል ነው።

የቀበሌ ቤት ግን ያንገበግበኛል። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ቢገዛም ሳያስፈቅድ አይመታም። አንዲት እናት ግንቦትን ሙሉ ደብዳቤ ሲያመላልሱ ሰኔ ገባባቸው፤ ክረምቱን ሳፋና ባልዲ ደርድረው አሳለፉት። የሚያፈስ ክዳን ፈቃድ ከዝናቡ ቀድሞ መድረስ አለበት። ማፍሰስ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ቤት ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ቡናማው እድፍ እየሰፋ ይሄዳል፤ እናቴም መስከረም ሲጠባ ኖራ ትቀባዋለች። አናጢነትን የመረጥኩት ያን እድፍ እያየሁ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሚስማር ሳይመቱ በፊት የጎረቤቱን በር ያንኳኩ ነበር። «ውኃችን በዚህ በኩል ቢወርድ ይጎዳዎታል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሕግ አላስገደዳቸውም። እኔም ሥራ ስቀበል ባለቤቱን ይዤ ወደ ጎረቤት እሄዳለሁ፤ አልሄድም ካለኝ ሥራውን እተወዋለሁ። በዚህ ምክንያት ያጣሁት ሥራ አለ፤ ሰፈሩ ውስጥ ያገኘሁት ስምም የመጣው ከዚሁ ነው። በቅርቡ በጠፈጠፍ ተኳርፈው የኖሩ ሁለት አባወራዎች አንድ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። የአሸንዳውን ወጪ ተካፍለው ውኃውን እስከ መንገዱ ቦይ አወረድነው። ለወረዳው የገባውም ያ መስመር የተሣለበት ፕላን ነው።