ያልተዘጋው ሣጥን
ጊዜ፣ ትዝታና የጦርነት ቁስል በመዓዛ መንግሥቴ ልቦለድ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የጥንት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ዓመተ ምሕረት መጥራት አይቀናቸውም ነበር። «በጠላት ጊዜ ልጅ ነበርኩ»፣ «ከጠላት በፊት ነው የተዳርኩ» ማለት ይበቃቸው ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም የዘለቀው የአምስቱ ዓመት ጦርነት በዚህ አነጋገር ሌላው ጊዜ ሁሉ የሚለካበት ወሰን ሆኖ ይገኛል። በአማርኛ ድርሰቶቻችን ግን ይኸው ጦርነት አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ ዜና መዋዕል በተራ ነው፤ ወረራው ይመጣል፣ አርበኛው ዱር ይገባል፣ ባንዳው ይዋረዳል፣ ሰንደቅ ዓላማው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አርበኛው ሌሊት ምን እያየ እንደሚነቃ የጠየቀ ደራሲ ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ በሙሉ ልብ ያነሣችው ከአገር ውጭ የኖረች ኢትዮጵያዊት ናት። መዓዛ መንግሥቴ በአዲስ አበባ ተወልዳ፣ ገና በሕፃንነቷ ከአገር ወጥታ ያደገች ደራሲ ስትሆን፣ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «የጥላው ንጉሥ» እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ለመጨረሻ ከታጩት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ለመሆን በቅቷል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነው። ሂሩት የምትባል ሴት ፎቶግራፍ የታጨቀበት የብረት ሣጥን ይዛ ትጠብቃለች። ሣጥኑ በአንድ ወቅት የወራሪው ጦር ፎቶ አንሺ የነበረው የኤቶሬ ናቫራ ንብረት ነው። ሣጥኑ ሲከፈት አርባ ዓመት ገደማ ይገለበጣል፤ ሂሩትም እንደገና በኪዳኔና በአስቴር ቤት የምትኖር ወላጅ አልባ አገልጋይ ልጅ ትሆናለች።

የመጽሐፉ አሠራር ሊጤን ይገባዋል። ትረካው የሚበዛውን የሚጓዘው በአሁን ጊዜ ግሥ ነው፤ ያለፈው እንዳላለፈ የሚነግረን በዚሁ ነው። ምዕራፎቹ በየመካከሉ ይቋረጡና ፎቶግራፎች በቃል ይገለጻሉ፤ ሥዕሉ ራሱ የለም፣ አንባቢው በዓይነ ሕሊናው እንዲያየው ይገደዳል። ቀጥሎ የኅብረት ድምፅ ይነሣል፤ የሞቱትና የተረሱት ሴቶች ለሂሩት ይመሰክሩላታል። አንድ ፎቶግራፍ አንዲትን ቅጽበት አግቶ ያስቀምጣል፤ የቆሰለ አእምሮም እንዲሁ ያደርጋል። ደራሲዋ ይህን ግንኙነት በሐተታ አትነግረንም፤ በድርሰቱ አወቃቀር ታሳየናለች።

አውሮፓውያን ይህን ስልት ያገኙት ከራሳቸው እልቂት በኋላ እንደሆነ ይታወቃል። ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመችው «ሚስስ ዳሎዌይ» የለንደኑ ትልቅ ሰዓት በየሰዓቱ ይደወላል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሴፕቲመስ ግን በደወሉ አይመራም፤ የሞተው ጓደኛው ኤቫንስ በመናፈሻው ዛፍ መካከል ይታየዋል፣ በመጨረሻም ራሱን በመስኮት ይወረውራል። ሂሩት ግን ሐኪም ቤትም ሰዓትም የላትም፤ የተቀማችው ጠመንጃ ብቻ ነው ያላት። ጠመንጃው ውጅግራ ነው፤ አባቷ ትቶላት የሞተው፣ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር በጭረት የመዘገበበት። ኪዳኔ ለዘመቻው ብሎ ይቀማታል። ከዚያ የሚብሰው ይከተላል፤ ይኸው የአርበኞች መሪ ሂሩትን በግፍ ይደፍራታል። እንግዲህ ቁስሏ ከጠላት ብቻ የመጣ አይደለም። ፉከራ የዚህን ዓይነቱን ቁስል ሊይዝ አይችልም፤ ፉከራ የሚቆጥረው ግዳይ ነውና። ሙሾ ይቀርበው ነበር፤ ነገር ግን ሙሾ ለሞተ እንጂ በሕይወት ላለች ሴት አይወርድም። የመጽሐፉ የኅብረት ድምፅ በዚህ ባዶ ቦታ ገብቷል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የተሳካውም ክፍል እርሱ ነው።

የመጽሐፉ ጦርነት የሚካሄደው በሰሜን ተራሮች ነው። የሰሜን ሸዋ አንባቢ ግን ያለ ዘረት ሊያነበው አይችልም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም ሕዝቡ አመጸኛ ዋሻ በሚለው ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ተከበቡ፤ የኢጣሊያ ጦር በመርዝ ጋዝ ካጠቃቸው በኋላ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች በጥይት ፈጀ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ጋዝ መጣሉን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ዘግይቶ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ሰነድ ተከትሎ ዋሻውን ለዓለም ያስታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አጥንቱ ያኔም በዚያው ነበር። «ተገኘ» ተብሎ ተጻፈ። ለአካባቢው ሰው መቼ ጠፍቶ!

የመጽሐፉ ዋና ጭንቀት እዚህ ላይ ይጋለጣል። የሂሩት መልክ የሚገኘው በጠላት ፎቶግራፍ ነው፤ የዘረት ሙታን ቁጥር የሚገኘው በጠላት የጦር ወረቀት ነው። የእኛ ትዝታ በገዳዩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ደራሲዋ ራሷ የኢጣሊያ ወታደሮች ያነሷቸውን አሮጌ ፎቶግራፎች ስትሰበስብ የኖረች በመሆኗ ይህን ጉዳይ በሚገባ ታውቀዋለች። የራሷን ቅድመ አያት ታሪክ ያገኘችው ግን ከሣጥን አይደለም፤ ከቤተ ዘመድ አፍ ነው። ሴትዮዋ አባቷን ከሳ፣ ጠመንጃውን አስፈርዳ የዘመተች ነበረች። ልቦለዱ ከፎቶግራፉና ከቃሉ የትኛውን እንደሚያምን ሙሉ በሙሉ አልወሰነም። ለኤቶሬ የተሰጠው ውስጣዊ ሕይወት፣ የአባቱ ምስጢር፣ የአይሁድነቱ ሥጋት እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከኪዳኔ ጋር ለዘመቱት ገበሬዎች ግን ይህን ያህል ገጽ አልተቆረሰላቸውም። ይህ ጉድለት ነው እላለሁ። ኮሎኔል ፉቼሊም እስረኞችን ከገደል ሲያስወረውር ከሰው ይልቅ የጭካኔ ምልክት ይመስላል። ንጉሡ የኦፔራ ሸክላ እያዳመጡ የሚብሰለሰሉባቸው ክፍሎችም ከታሪኩ ክብደት በላይ ተለጥጠዋል።

ስልቱ ባዕድ ነው የሚሉ ይኖራሉ። አይደለም። የደብረ ሲናው ተወላጅ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም ሲያሳትም ትረካውን ለአንድ ተራኪ አልሰጠም፤ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ፣ ክርክርን ያለ ዳኛ ትቶ ጻፈ። የጊዜው አንባቢ ከበደኝ ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ያ መጽሐፍ ከመንዝ ደጋ ቁልቁል፣ ከጣርማ በር በታች ባለው አገር ሆኖ የተጻፈ ነው፤ በጣርማ በር ደግሞ ኢጣሊያኖች የፈለፈሉት የመንገድ ዋሻ አለ፣ የደሴ መንገደኛ ያልፍበታል። በሰሜን ሸዋ ሁለት ዋሻ፤ አንዱ መኪና ያሳልፋል፣ አንዱ አጥንት ይዟል። ዳኛቸው የከፈተውን ስልት ይዞ ወደ ሁለተኛው ዋሻ የሚገባ የአማርኛ ልቦለድ ያስፈልገን ነበር። መምህራን በክፍል ውስጥ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢያስነብቡ ተማሪው ስልቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በራሱ ይረዳል።

አንድ ነገር ላክል። በኪዳኔ ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት አለች፤ ከአስቴር ጋር የቆየ ምስጢር ያላት፣ ጦርነቱንም ከማንም በላይ በጀርባዋ የተሸከመች። ሂሩት ስሟን ማወቅ ትሻለች። ሴትዮዋ አትነግራትም። ደራሲዋም ለአንባቢው አትነግረውም፤ ስንጠብቅ ስንጠብቅ መጽሐፉ ያልቃል።